የዘር እህል እንዳይበላ

ወረርሽኝ በትናንሽ ነጋዴዎችና በሠራተኞች ኑሮ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት፣ ለአጥቢያ ተጠሪዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድንነጋገርበት የተሰጠን ርእስ ወረርሽኝ በትናንሽ ነጋዴዎችና በሠራተኞች ኑሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ስለ ሕክምናው የሚናገሩ ሐኪሞች ስላሉ እኛ ወደዚያ አንገባም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድም ቀን ያላሳለ፣ ሆስፒታል ደጅ ያልደረሰ ሰው በበሽታው ምክንያት ከሥራው ተነቅሎ የሚወድቀው እንዴት ነው? በሽታው ካለፈ በኋላስ ለምን ተመልሶ አይነሣም? ይህን በደንብ ካላወቅን የምንሰጠው እርዳታ ልባችን መልካም ሆኖ ሳለ ጊዜው ያለፈበት ይሆናል።

በገጠር የምትሠሩ ሁላችሁ በድርቅ ጊዜ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ዝናብ ሲቀር ገበሬው መጀመሪያ የሚያደርገው የሚበላውን መቀነስ ነው። ቀጥሎ ዶሮውንና በጉን ይሸጣል። ከዚያም ከጎረቤት ይበደራል። በመጨረሻም ለዘር ያስቀመጠውን እህል ያስፈጫል፤ የእርሻ በሬውንም ወደ ገበያ ይነዳል። ይህ ከሆነ በኋላ ዝናቡ ቢመጣ እንኳ ያ ገበሬ መሬቱን እያየ ይቀመጣል እንጂ አያርስም። ስለዚህ በእርዳታ ሥራ ብዙ ዘመን ያሳለፉ ሰዎች እህሉ መድረስ ያለበት ዘሩ ሳይበላና በሬው ሳይሸጥ ነው ብለው ያስተምራሉ።

የከተማው ትንሽ ነጋዴም ዘር አለው። ስሙ መነሻ ይባላል። የጉሊቷ እናት ጠዋት ሽንኩርት የምትገዛበት፣ ጀብሎው ማስቲካና ሶፍት የሚያመጣበት፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ጤፍ የምታስፈጭበት ገንዘብ ነው። መነሻው እንደ ዘሩ እህል ነው፤ አንዴ ከተበላ ገበያው ቢከፈትም ሰውየው ባዶ እጁን ይቆማል። ዛሬ ልንናገር የመጣነው ዋና ነገር ይኸው ነው።

የሆነው ነገር

አገራችን ወረርሽኝን የምታውቀው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አይደለም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል፤ ራስ ተፈሪ መኮንንም ታመው ድነዋል። ወላጆቻችን «የኅዳር በሽታ» ብለውታል። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠራረገ ሲቃጠል የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። የኅዳር በሽታ የሚታወሰው በፈጀው ሰው ብዛት ነው። በቅርቡ ያየነው የኮቪድ 19 ወረርሽኝም በአገራችን ከ7 ሺህ በላይ ሰዎች እንደ ገደለ ተመዝግቧል፤ ለእነዚህ ወገኖች ቤተሰቦች አሁንም መጽናናትን እንለምናለን። በሽታው ያልገባበት ቤት ግን ሌማቱ ባዶ ሆኖ ሰንብቷል።

ነገሩን በቅደም ተከተል እናስታውስ። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። ወዲያው የምሽት መዝናኛ ቤቶችና የየብስ ድንበሮች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለ5 ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ ቀረ፤ ታክሲና አውቶቡስ በመቀመጫቸው ግማሽ ብቻ እንዲጭኑ ተደረገ፤ በአዲስ አበባም የመጓጓዣ ዋጋ እጥፍ ሆነ። የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ፋሲካም ሚያዝያ 11 ቀን በየቤቱ ተከበረ።

በሌሎች ብዙ አገሮች እንደተደረገው ግን ሕዝቡ በሙሉ ከቤቱ እንዳይወጣ አልታገደም፤ ገበያው ክፍት ነበር። ይህን ልብ በሉ። ብዙ ነጋዴ ከንግዱ የወጣው ገበያው ክፍት ሆኖ ሳለ ነው።

እንዲህ የሆነው ትንሽ ንግድ ሁሉ እርስ በርሱ የተሳሰረ ስለሆነ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከተማሪው ጋር በበሩ ላይ ቆሎና እርሳስ የምትሸጠው ሴት፣ ልጆቹን የሚያመላልሰው ሾፌር፣ በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምረው መምህር አብረው ይነካሉ። ከፋሲካ በኋላ የሚደረገው ሠርግ ሲቀር የሽሮ ሜዳው ሸማኔና የጥልፍ ሠራተኛ፣ ድንኳን አከራዩ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ፎቶ አንሺው አብረው ሥራ ይፈታሉ። ሸማኔው በዐቢይ ጾም ጊዜ ድርና ማጉን በዱቤ ገዝቶ ነጠላና ቀሚስ አዘጋጅቶ ነበር፤ ገዢው ሲቀር ዕዳውና ልብሱ ቤቱ ውስጥ ተደርድረው ቀሩ። እንግዳ ወደ ላሊበላ መምጣቱን ሲያቆም አስጎብኚው ብቻ ሳይሆን በቅሎ አከራዩና የሻማ ነጋዴውም ገቢ ያጣሉ። ሊስትሮውም ጫማ የሚያስጠርግ የቢሮ ሠራተኛ ቤቱ ሲውል ሳጥኑን ታቅፎ ይውላል።

የዓለም ባንክ በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያና ግንቦት በአገራችን በስልክ ባደረገው ጥናት፣ ከተጠየቁት ቤተሰቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገቢያቸው መቀነሱን ወይም ጨርሶ መቋረጡን ተናግረዋል። በዓለም ደረጃም ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ከነበረው የሥራ ሰዓት 8.8 በመቶው እንደ ጠፋ፣ ይህም 255 ሚሊዮን ሰዎች ሙሉ ጊዜ ከሚሠሩት ሥራ ጋር እኩል እንደሆነ ገምቷል። ቁጥሩ ሲበዛ ሰው ስለሚደነዝዝ ወደ አንዲት ጉሊት ሒሳብ እንውረድ።

የ14 ቀን ሒሳብ

ለምሳሌ ያህል 2,000 ብር መነሻ ያላት አንዲት የጉሊት ነጋዴ አለች እንበል። ጠዋት በ2,000 ብር ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ትገዛለች፤ ማታ 2,250 ብር ይዛ ትገባለች። ትርፏ 250 ብር ነው። ከዚህ 50 ብር ለመጓጓዣ፣ 120 ብር ለቤተሰቡ ምግብ፣ 50 ብር ለቤት ኪራይ፣ 30 ብር ለዕቁብ ታወጣለች። ቀሪ የላትም፤ ግን 2,000ው ብር እንዳለ ነው፤ ነገም ትገዛበታለች። ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ኑሮ ነው፤ ቢሆንም ኑሮ ነው።

አሁን ወረርሽኙ መጣ። ገዢ በግማሽ ቀነሰ፤ ትርፏ 125 ብር ሆነ። መጓጓዣው እጥፍ ሆኖ 100 ብር ደረሰ። ምግቡ እንደ ነበረ 120፣ ኪራዩም 50 ብር ነው። ዕቁቡን አቋረጠች። ወጪዋ 270 ብር፣ ገቢዋ 125 ብር ስለሆነ በየቀኑ 145 ብር ይጎድላታል። ይህ ጉድለት የሚሞላው ከመነሻው ነው። 2,000 ብር በየቀኑ 145 ብር ሲጎድልበት በ14ኛው ቀን ያልቃል። ሳይሸጥ የበሰበሰውን ቲማቲም፣ በመነሻው ማነስ ምክንያት የሚቀንሰውንም ትርፍ አልቆጠርንም፤ እነዚህ ሲጨመሩ ቀኑ ያጥራል።

ዐዋጁ የታወጀው ለ5 ወር ነበር። መነሻው ግን ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የሚቆየው።

አሁን ይህንኑ ሒሳብ በሌላ መንገድ እንየው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ አጥቢያዋ የምግብ እህል ቢሰጣትና አከራይዋ ኪራዩን ቢያዘገይላት 170 ብር ይቀልላታል። ከ125 ብሩ ትርፍ 100 ብር ለመጓጓዣ ከፍላ 25 ብር ይተርፋታል፤ መነሻዋም አይነካም። ገዢ ሲመለስ እርሷም በቦታዋ ትገኛለች። ያው እህል በሦስተኛው ወር ቢመጣ ግን የዚያን ቀን ረኃብ ያስታግሣል እንጂ ጉሊቷን አይመልስላትም። የእህሉ መጠን አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ከተሰጠበት ጊዜ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ዕቁቧን ያቋረጠችው እርሷ ብቻ አይደለችም። ሦስት አራት ሰው ሲያቋርጥ ዕቁቡ ይፈርሳል፤ ገና ዕጣ ያልወጣለት ሰው ተስፋ ያደረገውን ገንዘብ ያጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው አራጣ አበዳሪ ነው። እርሱም ሲያበድር ቴሌቪዥኑን፣ የስፌት መኪናውን፣ የእንጀራ ምጣዱን በመያዣነት ይወስዳል። ሸማኔው መወርወሪያውን ካስያዘ፣ ሰፊዋም መኪናዋን ካስያዘች፣ ዕዳውን የሚከፍሉበት እጅ ተቆረጠ ማለት ነው።

ደመወዝ የሚበሉትስ?

አንዳንድ ሰው የወር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ ከዚህ ያመልጣል ብሎ ያስባል። የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ እንመልከት። ፓርኩ በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀ፣ በብዛት ወጣት ሴቶች ለውጭ አገር ገበያ ልብስ የሚሰፉበት ቦታ ነው። በወረርሽኙ መጀመሪያ የአውሮፓና የአሜሪካ ሱቆች ሲዘጉ ልብስ ገዢ ኩባንያዎች ትእዛዛቸውን ሰረዙ ወይም አዘገዩ። ወዲያው ብዙዎቹ ሠራተኞች በእረፍት ስም ወደ ቤታቸው ተላኩ፤ ከሥራ የተሰናበቱም ነበሩ። ብዙ ልጃገረዶች ሐዋሳ ላይ ተጋርተው የተከራዩትን ክፍል ለቀው ወደ ገጠር ተመለሱ። ገጠር ያለው ቤተሰብ ከልጁ ጥቂት ብር ይጠብቅ ነበር፤ አሁን ብሩ ቀርቶ የሚበላ ሰው ተጨመረለት። አንዳንድ ፋብሪካዎች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ወደ መስፋት መዞራቸው ለጥቂቶች ሥራ ሰጥቷል፤ የቀረውን ትእዛዝ ግን አልተካም።

የቤት ሠራተኞች ነገር ከዚህም የባሰ ነው። ዐዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳይቀንሱ ይከለክል ነበር። ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግለሰብ ቤት የሚሠሩትን አይሸፍንም። በሽታውን ፈርታ «ወጥተሽ አትግቢ» ያለች እመቤት፣ ወይም ራሷ ገቢ አጥታ «ለጊዜው ወደ አገርሽ ሂጂ» ያለች እመቤት፣ ሠራተኛዋን የሚያስጥል ሕግ አልነበረባትም። ተመላላሽ ልብስ አጣቢዋም እንዲሁ ናት። በአንድ ሳምንት ውስጥ አራቱም ደንበኞቿ «እንጠራሻለን» ብለው ሊሰናበቷት ይችላሉ።

በባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻችንንም መርሳት አይገባም። ብዙ ትናንሽ ሱቆች የተከፈቱት ከዐረብ አገር በተላከ ገንዘብ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ ከሳዑዲ ዐረቢያ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖች ተመልሰው በለይቶ ማቆያ ሰነበቱ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በሊባኖስ የገንዘብ ቀውሱና ወረርሽኙ ተደራርበው ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞችን በቤይሩት በሚገኘው ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። እኅቶቻችን ሻንጣቸውን ተንተርሰው በመንገድ ዳር ሲያድሩ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። አንዲት ልጅ ባዶ እጇን ስትመለስ አገር ቤት የእናቷ ጉሊት፣ የወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአባቷ መድኃኒት አብረው ይቆማሉ።

የተደረገው በጎ ነገርና ያልደረሰበት

ምንም አልተደረገም ብለን አንናገርም። መንግሥት ከ2007 ዓ.ም. በፊት የነበረ የግብር ዕዳ እንዲሰረዝ፣ ሥራ ቆሞባቸው ደመወዝ መክፈል ለቀጠሉ ድርጅቶችም የ4 ወር የሥራ ግብር እንዲተውላቸው ወስኗል። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቅርቧል። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምርም ተከልክሏል። ከሕዝቡም ዘንድ የወር ኪራይ የማሩ አከራዮች፣ በማዕድ ማጋራት ዱቄትና ዘይት ያዋጡ ሰፈሮች ብዙ ነበሩ። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው።

ይሁን እንጂ የግብር ምሕረት የሚጠቅመው ግብር ከፋይነት መዝገብ ውስጥ ያለውን ነው። የባንክ ብድር የሚደርሰው ባንክ ለሚያውቀው ሰው ነው። የጉሊት ነጋዴዋ የንግድ ፈቃድ የላትም፤ ስሟ በየትኛውም የቅጥር ደብተር ላይ የለም። እርሷን የሚያውቃት ሰፈሯ፣ ዕድሯ፣ አጥቢያዋ ነው። ስለዚህ መንግሥት ሊደርስበት በማይችለው ቦታ ላይ የቆምነው እኛ መሆናችንን ማወቅ አለብን። ይህን የምንለው ለመመካት ሳይሆን ኃላፊነቱ ከባድ ስለሆነ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። በመካከሉ የአንበጣ መንጋ፣ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ30 በመቶ በላይ የደረሰ የዋጋ ንረት ተከታትለው መጡ። በ2012 ዓ.ም. መነሻዋን የበላች ሴት በኋላ እንደ ምንም ብላ 2,000 ብር ብታገኝ እንኳ ያ ገንዘብ የቀድሞውን ሽንኩርት አይገዛላትም። በሽታው ካለፈ በኋላ ሰው ለምን አይነሣም ብለን ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ዘሩ ተበልቷል፤ የዘሩም ዋጋ ጨምሯል።

ምን እናድርግ?

ወረርሽኝ እንደገና ሊመጣ ይችላል፤ ኮሌራም ሆነ ሌላ ተላላፊ በሽታ በአንድ ወረዳ ሲነሣ ይኸው ሒሳብ በትንሹ ይደገማል። ስለዚህ ከወዲሁ ልናደርጋቸው የሚገቡ ስድስት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ምግብ ቀድሞ ይድረስ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተሰጠ እህል መነሻን ያድናል። ይህ እንዲሆን መዝገቡ ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። በየአጥቢያው ማን በምን ሥራ እንደሚተዳደር፣ ቤተሰቡ ስንት ሰው እንደሆነ፣ የራሱ ቤት ይኑረው ወይም ይከራይ፣ አሁኑኑ ይጻፍ። ችግሩ ከመጣ በኋላ ኮሚቴ ማቋቋምና ማጣራት ከተጀመረ 14ቱ ቀን በስብሰባ ያልቃል። ከምእመናን ውጭ ያለው ጎረቤትም በመዝገቡ ይግባ፤ ረኃብ አጥቢያ አይለይም።

ሁለተኛ፣ ኪራይ ይታሰብበት። በመካከላችን አንድ ሁለት ክፍል የሚያከራዩ ብዙዎች አሉ። አከራዩም አንዳንድ ጊዜ በዚያው ኪራይ የሚኖር ጡረተኛ ወይም አሮጊት ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ይማር ብለን አናዝም። ዐቅም ያለው ይማር፤ ዐቅም የሌለው ያዘግይ፤ ያን እንኳ ለማይችለው አከራይ አጥቢያው ጥቂት ይደግፈው። ቁም ነገሩ ኪራዩ ከመነሻው ላይ እንዳይከፈል ነው።

ሦስተኛ፣ የሥራ መሣሪያ መያዣ አይሁን። በዘዳግም 24 የተጻፈው ሕግ አበዳሪ የሰውን ወፍጮና መጅ በመያዣነት እንዳይወስድ ይከለክላል፤ የሰውን ሕይወት እንደ መውሰድ ይቆጠራልና። ዛሬ ወፍጮና መጅ የሚባሉት የስፌት መኪናው፣ ምጣዱ፣ የሸማኔው ዕቃ፣ የሊስትሮው ሳጥን ናቸው። ብድር የምንሰጥ ፕሮጀክቶች በወረርሽኝ ጊዜ መክፈያውን የምናራዝምበትን ደንብ አሁን እንጻፈው። በችግር ቀን የተጻፈ ደንብ የፊት ለፊት ሰውን አይቶ ያዳላል።

አራተኛ፣ ደመወዝ የሚከፍል ሁሉ ቤቱን ይመርምር። የቤት ሠራተኛ፣ ልብስ አጣቢ፣ ዘበኛ የምንቀጥር አለን። አጥቢያዎችም የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪና ጥበቃ ይቀጥራሉ። መዋጮ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቀነሰው የእነርሱ ደመወዝ እንዳይሆን። ሙሉውን መክፈል ካልተቻለ ግማሹን መክፈል ይቻላል። ግማሹ ካልተቻለ ደግሞ የሚሰናበተው ሰው ላገለገለበት ጊዜ ሒሳቡን ሳያድር ይቀበል። ይህም በዚያው በዘዳግም 24 ታዟል።

አምስተኛ፣ የቁጠባ ቡድኖች ሁለት ሣጥን ይኑራቸው። የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በ2002 እ.ኤ.አ. በናዝሬት፣ ማለትም በአዳማ፣ በ5 የራስ አገዝ ቡድኖች የጀመረችው ሥራ በአገሪቱ ብዙ ቦታ ተስፋፍቷል። በእንደዚህ ያለ ቡድን ውስጥ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ ጥቂት ብር ይቆጥባሉ፤ ተራ በተራም ይበደራሉ። ብዙ ጊዜ ሣጥኑ አንድ ነው፤ ገንዘቡም ሁሉ በብድር ወጥቶ ያልቃል። ክፉ ቀን ሲመጣ ሁሉም ተበዳሪ ስለሆነ የሚረዳ ይጠፋል። ስለዚህ ከቁጠባው ጥቂቱ ለብድር በማይወጣ በሁለተኛ ሣጥን ይቀመጥ። ለዕቁብም ይህን ምከሩ፤ ወረርሽኝ ከመጣ ዕጣው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆምና ያልደረሰው ሰው እንዴት እንደሚካስ ዕቁቡ ሲመሠረት ይወሰን።

ስድስተኛ፣ መነሻውን ለጨረሰ ሰው ብድር ሳይሆን መነሻ ይሰጠው። ዕዳ ያለበትን ሰው በሌላ ዕዳ ማቋቋም አይቻልም። ነገር ግን ገንዘቡ ከመሰጠቱ በፊት የቀድሞው ገበያ መመለሱ ይጣራ። ገበያው ወደ ሌላ ሰፈር ከሄደ ወይም ደንበኛው ከጠፋ፣ ሰውየው በእጁ ምን ሙያና ምን ዕቃ እንዳለው ጠይቀን ወደሚሄድ ሥራ እንዲዞር እንርዳው። ነቢዩ ኤልሳዕ ባሏ የሞተባትንና አበዳሪ ልጆቿን ሊወስድባት የመጣውን ሴት አስቀድሞ የጠየቃት ቤትሽ ውስጥ ምን አለ ብሎ ነው። ከዚያች ትንሽ ዘይት ተነሥታ ሸጣ ዕዳዋን ከፈለች፤ በቀረው ከልጆቿ ጋር ኖረች።

ስለ ሁለት ተቃውሞዎች

ይህን ስንናገር ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው «ገንዘብ ወይም እህል ቀድሞ ከተሰጠ ሕዝቡ ይሰንፋል» የሚል ነው። ወንድሞችና እኅቶች፣ ሌሊት በ10 ሰዓት ተነሥታ አትክልት ተራ የምትደርስ ሴት ለስንፍና ጊዜ የላትም። ስንፍናን የሚያመጣው መነሻውን አጥቶ በሰው ደጅ መቀመጥን የለመደ ኑሮ ነው። መነሻዋን ያዳንላት ሴት በሁለተኛው ወር እርዳታ አትጠይቀንም፤ መነሻዋን የበላች ግን ዓመቱን በሙሉ ትጠይቃለች። ለአጥቢያው ገንዘብ ያዥም ቢሆን የቀደመው እርዳታ ያንሳል።

ሁለተኛው «በወረርሽኝ ጊዜ ጤና ይቅደም፤ ንግዱ በኋላ ይደርሳል» የሚል ነው። ጤና ይቅደም በሚለው እንስማማለን። ነገር ግን ትኩሳት ይዟት ቤቷ ልትቆይ የምትችለው የነገ እራት ያላት ሴት ናት። የሌላት ሴት እያሳለች ወደ ገበያ ትወጣለች፤ እርሷም ትጎዳለች፣ ሌላውንም ትጎዳለች። የሰውን እንጀራ መጠበቅ ሐኪሞች የሚያዝዙትን ለመፈጸም ዐቅም መስጠት ነው። ሁለቱን አንለያያቸው።

ወደ አጥቢያችሁ ስትመለሱ

ከዚህ ስትመለሱ በመጀመሪያው የኮሚቴ ስብሰባችሁ ላይ አራት ጥያቄዎችን እንድታነሡ እንለምናችኋለን። በአጥቢያችን ውስጥ ገቢያቸው ለአንድ ወር ቢቋረጥ መነሻቸውን የሚበሉ ስንት ቤተሰቦች አሉ? ነገ ወረርሽኝ ቢነሣ እህሉን ከየት፣ በማን ትእዛዝ፣ በስንት ቀን እናወጣለን? የምንሰጠው ብድር መያዣው ምንድን ነው? እኛ ራሳችን የቀጠርናቸው ሰዎች ደመወዛቸው ቢቋረጥ በምን ይኖራሉ?

መልሱ በወረቀት ላይ ይጻፍ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ቁጥር፣ ለሁለተኛው የሰው ስምና ቀን ያስፈልጋል። «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ግን እርሱ ያወቀውን እኛም ማወቅ ስለምንችል በመዝገብ ይያዝ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አበው። አንዲት የጉሊት ነጋዴ ለብቻዋ የሁለት ሳምንት ጉድለት መሸከም አትችልም። ሃምሳ ቤተሰብ ያለበት አጥቢያ ግን ቀድሞ ካሰበበት ይችለዋል።

 እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።